በሰው አገር እያላችሁ ለምትፈርሙ ወገኖቼ

በቅርቡ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ ከመካከላችን አንዱ ከጃኬቱ ኪስ የታጠፈ ደብዳቤ አወጣ። ሰውየው በምዕራብ ባልቲሞር ገዝቶ የሚያከራየው ቤት አለው። ደብዳቤው ከቤቱ ሥር፣ እጅግ ወደ ታች፣ የባቡር ዋሻ ስለሚያልፍ ከመሬቱ በታች ያለውን መብት በካሳ እንዲያስተላልፍ የሚጠይቅ ነው። «ከመሬት በታች ደግሞ ምን አለኝ?» አለና ሳቀ። «ድንች አልተከልኩበት። ፈርሜ ገንዘቤን እቀበላለሁ።» ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ሌላው ሰው «የሰፈሩ ሰዎች ግን እየጮኹ ነው አሉ፣ በየሳምንቱ ስብሰባ ነው» ሲል ባለደብዳቤው እጁን አወናጨፈ። «ተዋቸው፣ እነሱ ሌላ ሥራ የላቸውም። እኛ በሰው አገር ምን አገባን?» ጨዋታው ወደ እግር ኳስ ዞረ።

ያ ሳቅ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀርቷል።

ስለዚህ ዛሬ ልወቅሳችሁ ተነሥቻለሁ። ወቀሳው በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዙሪያ ለምትኖሩ የአገሬ ልጆች ነው፤ በተለይም ባልቲሞር ውስጥ በርካሽ የተገኘ የጡብ ቤት ገዝታችሁ፣ አድሳችሁ፣ አከራይታችሁ፣ ራሳችሁ በሜሪላንዷ ኮሎምቢያ ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖሩት። በሌሊት ፈረቃና በታክሲ መሪ ላይ ያፈራችሁት ገንዘብ ነው፤ በቤታችሁ አልቀናም። የምቆጣው በአፋችሁና በእግራችሁ ነው። አፋችሁ በማያውቀው ሰው ላይ ይፈርዳል፣ እግራችሁ ደግሞ ስብሰባ አዳራሽ አይደርስም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ በውስጡ እያለፋችሁ የማታውቁት ብዙ ናችሁና። ከባልቲሞር ፔን ጣቢያ ወደ ዋሽንግተን ስትነሡ ባቡሩ ወዲያው ጨለማ ውስጥ ገብቶ ማዝገም ይጀምራል። ያ ዋሻ የተከፈተው በ1873 ነው (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘውድ ከጫኑ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር። ጡብ በጡብ የተገነባ፣ ሁለት ሐዲድ ብቻ የሚይዝ፣ ርዝመቱ አንድ ማይል ተኩል የማይሞላ አሮጌ ዋሻ ነው። ውኃ ይሰርግበታል። በደቡብ በኩል ያለው መታጠፊያ ጠባብ ስለሆነ ባቡሮች ፍጥነታቸውን በሰዓት ወደ 30 ማይል ያወርዳሉ። በዓመት ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጋ መንገደኛ የሚያልፈው በዚያ ቀዳዳ ነው። ዋይት ሐውስ በ2023 ባወጣው መግለጫ፣ ከመቶ የሥራ ቀናት በዘጠና ዘጠኙ እዚያ ላይ መዘግየት ይደርሳል ይላል። ከዋሽንግተን እስከ ቦስተን ባለው መስመር ላይ የታሰረ ገመድ ቢኖር ቋጠሮው ባልቲሞር ነው።

አዲስ ዋሻ ያስፈልጋል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንዳንዶቻችሁ ገና ወቀሳዬን ሳትጨርሱ «ልማት ጠል» ብላችሁ እንዳትገላገሉኝ ነው። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ቃል ነው፤ የጠየቀ ሁሉ ጠላት ይመስለናል። ዋሻው ይቆፈር የሚል ሰውም «ማን ዘንድ ምን ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ከላይ ያሉት ሰዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

የፌደራል የባቡር አስተዳደር ለዓመታት ሲያጠና ቆይቶ በመጋቢት 2017 ውሳኔውን አሳወቀ። የተመረጠው መስመር ከአሮጌው ወደ ሰሜን ለጥጦ፣ በሬዘርቫየር ሂል ሥር ዞሮ፣ ወደ ሚድታውን ኤድመንድሰን የሚወጣ ነው። አራት ቱቦዎች ይቆፈራሉ ተባለ፤ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ የደረቡ የጭነት ባቡሮችም እንዲያልፉባቸው ከፍ ተደርገው። በመሐል ደግሞ ትልቅ የአየር ማስወጫ ሕንፃ በሬዘርቫየር ሂል በኋይትሎክ ጎዳና ላይ እንዲቆም ታቀደ። ከቦታው አጠገብ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ በሲቪል መብት ታጋይዋ በዶሮቲ ሃይት ስም የሚጠራው።

ሰዎቹ መጮኽ የጀመሩት ሥራ አጥተው አይደለም። የባልቲሞር ሰዎች አንድ ነገር ያስታውሳሉ። በሐምሌ 18 ቀን 2001 በሌላው የከተማዋ ዋሻ፣ በሃዋርድ ጎዳና ሥር፣ ኬሚካል የጫነ የጭነት ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ተቃጠለ። ትልቅ የውኃ ቧንቧ ፈነዳ፣ የመሐል ከተማው መንገዶች ተዘጉ፣ እሳቱም ለቀናት አልበረደም። ያንን ያየ ሰው ከመኝታ ቤቱ ሥር የጭነት ባቡር ሊያልፍ ነው ሲባል «ምን ጭኖ?» ብሎ ቢጠይቅ እብድ አይደለም። እናንተ ብትሆኑ አትጠይቁም ነበር? ለነገሩ አልጠየቃችሁም።

በሰኔ 2021 ዕቅዱ ተለወጠ። አራቱ ቱቦዎች ለጊዜው ሁለት ሆኑ፤ የጭነት ባቡር ቀርቶ ዋሻው በኤሌክትሪክ ለሚሄዱ የመንገደኛ ባቡሮች ብቻ ተባለ፤ ስሙም በፀረ ባርነት ታጋዩ ስም የፍሬድሪክ ዳግላስ ዋሻ ሆነ። ለውጡን ያመጣው የነዋሪው ጩኸት ብቻ ነው ብዬ አላጋንንም፤ የገንዘቡ ነገርም አለበት። ነገር ግን እነዚያ «ሥራ የሌላቸው» ሰዎች ከቀን ሥራቸው መልስ አዳራሽ ሞልተው ባይከራከሩ ኖሮ የጭነት ባቡሩ ጥያቄ ከመሐንዲሶቹ ጠረጴዛ አልፎ በማንም ጆሮ አይደርስም ነበር። እናንተ ዛሬ የምታከራዩት ቤት ከሥሩ የሚያልፈው ነዳጅ የጫነ ባቡር ካልሆነ፣ ውለታው የማን እንደሆነ እወቁ። ያከበራችኋቸው ሰዎች አይደሉም። በለቅሶ ቤት የሳቃችሁባቸው ናቸው።

የአየር ማስወጫው ክርክር ከዚህም የከረረ ነው። ዋሻውን የሚያሠራው የአገሪቱ የመንገደኛ ባቡር ድርጅት አምትራክ፣ ባቡሮቹ የኤሌክትሪክ ናቸው፣ ትልልቆቹ ማራገቢያዎች የሚሠሩት ለአደጋ ጊዜና ለፍተሻ ብቻ ነው ይላል። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ሊሆን ይችላል። የወላጆቹ መልስ ግን ቀላል ነበር፦ የአደጋው ቀን ጭሱ የሚወጣው በልጆቻችን መስኮት ፊት ለፊት ከሆነ ለምን እዚህ? አስም በበዛበት ከተማ ይህ ጥያቄ ጥጋብ አይደለም። ነዋሪዎቹ ጉዳዩን በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል መሠረት እስከ ፌደራል መንግሥት አቤቱታ አድርሰውታል።

እስኪ በዚህች ስድስተኛ ክፍል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስለ እናንተ ናትና። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ሥራ ሰውን በዘሩ፣ በቀለሙ ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳያገል ትከለክላለች። «የትውልድ አገር» የሚለውን ልብ በሉ። እናታችሁ ክሊኒክ ሄደው እንግሊዝኛው ሲያቅታቸው በስልክ «ጤና ይስጥልኝ እናቴ» የሚል አማርኛ አስተርጓሚ የሚቀርብላቸው ከዚያች ሐረግ በመነጨ ግዴታ ነው። የመጣንበት በርም እንዲሁ ነው። አውሮፓውያንን የሚያስቀድመው የኮታ ሕግ የፈረሰው በ1965 ነው፤ ጥቁር አሜሪካውያን በውሻና በውኃ ቧንቧ እየተባረሩ መብት ባስከበሩባቸው ዓመታት። ያንን መብት በደማቸው ያስጻፉ ሰዎች ልጆች ዛሬ በዚያው ሕግ አቤት ሲሉ፣ በሕጉ ጥላ ሥር የገባነው እኛ «ምን አገባን» እንላለን። በአማርኛ ለዚህ ስም አለው፤ ውለታ ቢስነት ነው።

ወደ አፋችሁ ልመለስ። «ጥቁሮቹ» ትላላችሁ። መስተዋት ፊት ቆማችሁ ጢማችሁን እየተላጫችሁ «ጥቁሮቹ» ትላላችሁ! «ሰፈሩን እነሱ አበላሹት» ትላላችሁ። እኔም ከአሥር ዓመት በላይ ይህን ስል ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ ከሰማይ ወርጄ አይደለም የምገሥጻችሁ። ግን አንብቤ ካወቅሁ በኋላ መድገሙ ነውር ሆነብኝ።

ያ ባዶ ቤት፣ በመስኮቱ ጣውላ የተመታበት፣ እናንተ በርካሽ የገዛችሁት፣ ለምን ባዶ ሆነ? በ1910 የባልቲሞር ከተማ ምክር ቤት ጥቁር ነጭ በሚበዛበት፣ ነጭም ጥቁር በሚበዛበት ጎዳና እንዳይሰፍር የሚከለክል ደንብ አወጣ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። በ1937 የፌደራል ካርታ ሠሪዎች መጥተው ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች በቀይ ቀለሙ፤ በቀይ የተቀለመ ሰፈር ከባንክ ብድር ይርቃል። ቤቱን የሚያድስበት ብድር ለሠላሳ ዓመት የተነፈገ ሰው ጣሪያው ሲያፈስ «ሰነፍ ነው» ተባለ። ከዚያ መንገዱ መጣ። በፍራንክሊንና በመልበሪ ጎዳናዎች መካከል 971 ቤቶች፣ 62 ሱቆችና አንድ ትምህርት ቤት ፈረሱ፤ 1,500 ያህል ሰው ተነሣ። በ1979 ያለቀው አውራ ጎዳና ከአንድ ማይል ተኩል ያነሰ ሲሆን ሊገናኘው ከታሰበው አውራ ጎዳና ጋር ሳይገናኝ ቀረ። የከተማው ሰው «የትም የማያደርስ አውራ ጎዳና» ይለዋል። የምዕራብ ባልቲሞር ባቡር ጣቢያ ያለው በዚያው በተቆረጠው ጫፍ ላይ ነው፤ ሽቅብ የሚያስወጣው ደረጃ ብቻ ነው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው አይሆንም።

ሌላም አለ። ከከተማዋ ምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚያቋርጥ «ሬድ ላይን» የሚባል የከተማ ባቡር ታቅዶ ነበር። ሠራተኛውን ሰው ሥራው ድረስ የሚያደርስ፣ በመሐል ከተማ ሥር ዋሻ ያለው ባቡር። በ2015 አገረ ገዢው ላሪ ሆገን ውድ ነው፣ በተለይ ዋሻው፣ ብለው ሰረዙት፤ 900 ሚሊዮን ዶላር የፌደራል ድጋፍ ሳይነካ ቀረ። ተተኪያቸው ዌስ ሙር በ2023 ሥራውን እንደገና እስኪያስጀምሩት ድረስ ስምንት ዓመት ነጎደ። እንግዲህ አስተያዩት። የሰፈሩ ሰው የሚሳፈርበት ዋሻ በ2015 ውድ ሆነ። እኛና የኒውዮርክ መንገደኛ በሰዓት ከ100 ማይል በላይ የምንበርበት ዋሻ ግን 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተለት፣ በ2023 ብቻ 4.7 ቢሊዮን የፌደራል ገንዘብ ተመደበለት። ለአካባቢው ማኅበረሰብ ቃል የተገባው 50 ሚሊዮን ነው። ለስድስቱ ቢሊዮን አካፍሉት፤ ከመቶ ዶላር አንድ ዶላር አይሞላም። ይህን ሒሳብ የሠራ ሰው ስብሰባ ላይ ድምፁን ከፍ ቢያደርግ «ይጮሃሉ» ይባላል?

በፍትሕ ዓይን አዲሱ ሥራ ለሰፈሩ የሚያመጣውንም ልናገር። ጣቢያው በአዲስ ይሠራል፣ አካል ጉዳተኛም ሽማግሌም ይገባበታል። ለአካባቢው ወጣቶች የሙያ ሥልጠና ቃል ተገብቷል። ቃሉ ይፈጸም እንደሆነ የሚከታተል ዓይን ግን ያስፈልገዋል፤ ዓይን ደግሞ በብዛት ነው የሚሠራው።

ስሙን አስቡት። ፍሬድሪክ ዳግላስ በባሪያነት ስሙ ፍሬድሪክ ቤይሊ ይባል ነበር። በመስከረም 3 ቀን 1838፣ በሃያ ዓመቱ፣ የመርከበኛ ልብስ ለብሶ፣ ከአንድ ነጻ ጥቁር መርከበኛ የተዋሰውን ወረቀት ይዞ ከባልቲሞር አመለጠ። ያመለጠው በባቡር ነው። ባቡር ጠባቂው ወረቀቱን አገላብጦ ቢያይ የተጻፈው ገጽታ ከእሱ ጋር አይገጥምም ነበር፤ አላየም። ከመካከላችን በሌላ ሰው ወረቀት ድንበር ያለፈ የለም? ሱዳንን፣ ኬንያን፣ ሜክሲኮን እንዴት እንዳለፍን ማታ ማታ እርስ በርስ እናወራ የለም? ያ ሰው ከማንም ይልቅ የእኛ ዘመድ ነው። ስሙን በዋሻው አፍ ላይ ለማንበብ ግን ቀና የምንል አይመስለኝም፤ ስልካችንን እያየን እናልፈዋለን።

«ዝም አይነቅዝም» የምትሉ ሽማግሌዎች አላችሁ። እናከብራችኋለን፤ በእድራችን ራስጌ ተቀምጣችኋል። ግን ተረቱ የተተረተው በንጉሥና በዳኛ ፊት ምላሱን ጠብቆ መኖር ለነበረበት ገበሬ ነው። እናንተ ቀኝ እጃችሁን አንሥታችሁ፣ ትንሿን ባንዲራ ይዛችሁ፣ ምላችሁ የዚህ አገር ዜጋ ሆናችኋል። ፎቶግራፉ ሳሎናችሁ ውስጥ ተሰቅሏል። ከዚያ ቀን ወዲህ «በሰው አገር» የሚለው ቃል ምክንያት ሳይሆን ማምለጫ ነው። ግብር ተመላሽ ሲደረግ አገሩ የእኛ፣ ስብሰባ ሲጠራ የሰው! እድራችን አንድ ሰው ሲሞት በአንድ ሌሊት አስከሬን ወደ አዲስ አበባ የሚያስልክ ገንዘብ ያሰባስባል፤ ይህን የሚያህል ድርጅት ያለው ሕዝብ ለአንድ የሕዝብ አስተያየት መድረክ ሁለት ሰው መላክ አቃተው? ለሞተ እንዲህ የሚሮጥ ማኅበር በቁም ላለ ሰው እግሩ ለምን ይከብደዋል?

ስደተኛ ተናግሮ አያውቅም አትበሉኝ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ያ የትም የማያደርስ መንገድ ዕቅዱ ገና ሰፊ ሳለ በምሥራቅ በኩል በፌልስ ፖይንት፣ በፖላንዶችና በግሪኮች ሰፈር መሐል ሊያልፍ ነበር። የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪና ወደብ ሠራተኛ ተነሣ። የፖላንድ ስደተኞች ዘር የሆነችው ባርባራ ሚከልስኪ ያኔ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነበረች፤ ጎረቤቶቿን አስተባብራ ተከራከረች። ከጥቁሮቹ ሰፈሮች ጋርም በአንድ ጥላ ሥር ተሰባሰቡ። በ1971 የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነች፣ ኋላም ሠላሳ ዓመት በሴኔት ተቀመጠች። ፌልስ ፖይንት ዛሬም ቆሟል፤ ቅዳሜ ማታ እንግዳ ስትጋብዙ የምትወስዱት እዚያ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ ነው። ምዕራቡ ግን ፈረሰ። ሁለቱም ጮኸው ነበር። አንዱ ለምን ተሰማ፣ ሌላው ለምን አልተሰማም የሚለውን እናንተው መልሱት፤ ግን ዝም ያለው አልዳነም።

አሁን ደግሞ ወደ ፊርማው። ከገንዘብ አብልጣችሁ የምትወዱት ነገር ያለ አይመስለኝምና፣ በምትወዱት ልምጣ።

ከመሬታችሁ በታች «ምንም የለኝም» አትበሉ። አገር ቤት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የእናንተ የሆነው ከላይ የሠራችሁት ነው፤ በዚያ ልማድ ነው «ከታች ምን አለኝ» የምትሉት። እዚህ የመሬት ባለቤት ወደ ታችም መብት አለው፤ ባይኖረው ኖሮ ደብዳቤም ባልመጣላችሁ። ከ500 በላይ ለሚሆኑ ይዞታዎች ነው ይህ የከርሰ ምድር መብት የሚጠየቀው። ባልቲሞር ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት፤ ብዙ ቤቶች ያሉት የመሬት ኪራይ በሚከፈልበት መሬት ላይ ነው። ለ99 ዓመት ተይዞ ለዘላለም የሚታደስ፣ በዓመት ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 150 ዶላር የሚከፈልበት፣ ሊዝን የሚያስታውስ ነገር ነው። ቤቱን ስትገዙ መሬቱንም ገዝታችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሳታውቁ ነው የምትፈርሙት? ስትሸጡ ይህ መብት በቤቱ ሰነድ ላይ እንደሚቀር፣ መደበኛ የቤት ኢንሹራንስ የመሬት መንቀሳቀስን እንደማይሸፍን የነገራችሁ አለ? ያ ቤት መቶ ዓመት ያለፈው፣ ግራና ቀኝ ግድግዳ የሚጋራ የጡብ ቤት ነው፤ የጎረቤት ግድግዳ ሲሰነጠቅ የእናንተም ይሰነጠቃል። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት መሠረቱን ማን ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመዘግባል? ስንጥቅ ቢመጣ ማን፣ እስከ ስንት ዓመት ይከፍላል? ይህን ሁሉ በነጻ የሚያስረዷችሁ ጠበቃዎችና ጎረቤቶች የተሰበሰቡት እዚያ «ሥራ የሌላቸው» ባላችኋቸው ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ነው።

ደግሞም በቤታችሁ ውስጥ የምትኖሩት እናንተ አይደላችሁም። ካሳው ለባለቤቱ ነው፤ ቁፋሮው፣ የጭነት መኪናው አቧራ፣ የመንገዱ መዘጋት ለተከራዩ ነው። ተከራያችሁን ጠይቃችኋል? ስሟን ከቼኩ ላይ ታውቁታላችሁ፤ ልጇ የት ትምህርት ቤት እንደሚማር ታውቃላችሁ?

ልደታን ያየ ሰው ይህ ሊጠፋው ባልተገባ ነበር። ከመካከላችን በልማት ስም ከቀበሌ ቤት የተነሣ፣ ወይም ወላጆቹ የተነሡበት፣ ጥቂት አይደለም። ቤቱ ብቻ አልነበረም የፈረሰው፤ ማኅበሩ፣ እድሩ፣ ቡና የሚጠራራው ጎረቤት ነው የተበተነው። እናቴ ከተነሣች በኋላ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ «ማንን ልጥራ?» እያለች ጀበናዋን ታይ ነበር። ያኔ የበላይ የሚመስለን ሰው «ድሮም ቆሻሻ ሰፈር ነበር» ሲል ምን ያህል እንደተናደድን ረስተነዋል። ያንኑ ቃል ቃል በቃል ዛሬ በባልቲሞር እኛ ነን የምንለው።

ከለቅሶ ቤቱ በኋላ በነበረው ሳምንት ስብሰባ ሄድኩ። ጀግንነት አይደለም፤ ሳቄ ስላሳፈረኝ ነው። አዳራሹ ሞልቷል፣ ማይክሮፎኑ ይንጫጫል፣ የሚናገረው ሁሉ ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶታል። አንዳንዱ ያለ ማስረጃ ያወራ ነበር፤ ዋሻው ሰፈሩን ውጦ ይጨርሰዋል የሚልም ሰማሁ። አንዲት መምህርት ግን ወረቀቷን ይዛ ስለ ማራገቢያው ድምፅ፣ ስለ ፍተሻው ሰዓት፣ ስለ ልጆቹ ዕረፍት ጊዜ አንድ በአንድ ስትጠይቅ መሐንዲሶቹ ማስታወሻ ይዙ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የአገሬን ሰው ፈልጌ አጣሁ፤ እኔው ብቻ ነበርኩ።

ከጎኔ አንዲት አዛውንት ተቀምጠዋል። በዚያው ሰፈር ቤት ከገዙ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። ከቦርሳቸው የታጠፈ ደብዳቤ አወጡ፤ ወዳጃችን ለቅሶ ቤት ያወጣው ዓይነት ነው፤ የእሳቸው ግን በእርሳስ ጥያቄ ተሞልቶ ዳር ዳሩ ጠቁሯል።

«ግድግዳ የሚጋራኝ ቤት የአንድ ኢትዮጵያዊ ነው ይሉኛል» አሉኝ። «ግድግዳው አንድ ስለሆነ ብንማከር ብዬ ደጋግሜ ፈለግሁት፤ ተከራይዋም አታውቀውም። አንተ ታውቀው ይሆን፣ ልጄ?»

የቤቱን ቁጥር ነገሩኝ።

«አላውቀውም» አልኳቸው። ስልክ ቁጥሩ ኪሴ ውስጥ ነበር።